ሽማግሌው ማዳመጫ ያደረጉበት ቀን

ሽማግሌው የሞቱት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ፣ ማስታወቂያ በመተላለፍ ላይ እያለ ነው። አድማጭ ምንም አልሰማም። አገር ምድሩ ስለ ሳሙና ሲነገረው እርሳቸው የስቱዲዮው ክብ ጠረጴዛ ላይ ተደፉ። ማስታወቂያው አልቆ ሙዚቃ ገባ፣ ሙዚቃው አልቆ ሌላ ሙዚቃ ገባ። ወሬው ግን ከሬሳው ቀድሞ ከግቢው ወጣ።

መርማሪዋ ስትደርስ በሩን ጋዜጠኛ ሞልቶታል። ሰውዬው እንዴት እንደሞቱ የጠየቃት አንድም የለም። አንዱ ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ደቅኖ፦

«እርስዎ የሰው ዘረመል መታረሙን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» አላት።

«በሩን መልቀቃችሁን እደግፋለሁ» አለችና እየገፋች ገባች።

ነገሩ ከርሟል። የከተማው ሆስፒታል በዘር የሚወርድ የልብ ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት፣ ሕመሙን የሚያመጣውን ዘረመል አርሞ ለማከም ጥናት ጀመረ። ጋዜጣው «ሰው በልክ ሊሰፋ ነው» ብሎ ጻፈ። አንዱ የእግዜርን ሥራ ነጠቁት አለ፣ ሌላው ሀብታም መልከ መልካም ልጅ ሊያሠራ ነው አለ፤ ስለታመሙት ሕፃናት ያነሳ ጥቂት ነው። ጥናቱን የሚቆጣጠረው ኮሚቴም ሕዝቡ እስኪረጋጋ ብሎ አገደው። ሕዝቡ እንዳይረጋጋ በየሳምንቱ የሚቆሰቁሰው ደግሞ ይኸው ጣቢያ ነው፣ «ሁለት ወገን» በሚለው ፕሮግራሙ። ሁልጊዜ አንድ ደጋፊና አንድ ተቃዋሚ ይቀርባል፤ ይህንን ሚዛን ይሉታል። ደጋፊው ጥናቱን የሚመራው ተመራማሪ ሲሆን አድማጭ «ዶክተር ይቻላል» የሚል ስም አውጥቶለታል። ተቃዋሚው ጡረታ የወጡት የሥነ ምግባር መምህር ናቸው፤ እርሳቸውም «ጋሽ አይሆንም» ተባሉ። ሁለቱ ውሃ ሲወቅጡ ዓመት አለፋቸው፤ ውሃ ቢወቅጡት ደግሞ ያው እንቦጭ ነው።

አሁን ጋሽ አይሆንም ሞተዋል። ኮሚቴው በማግስቱ ተሰብስቦ የመጨረሻ ውሳኔውን ሊሰጥ ነው።

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። የሽማግሌው ልጅ ናት። ዓይኗ ደርቋል፤ ገና ለቅሶው አልመጣላትም።

«አባቴን ገደሏቸው» አለች።

«ማን ነው የገደላቸው እህቴ?»

«እሱን ፈልጊልኝ። እኛ ቤት የበር ደወል የለም፤ የሚጮህ ሰዓት የለም፤ ስልካችን ድምፅ አያወጣም። ድንገተኛ ጩኸት ልባችንን ያቆመዋል። አክስቴ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ነው ዘጭ ብላ የቀረችው። በዘራችን ያለ ነገር ነው። እኔ ላይ ተኝቷል፤ አባቴና ልጄ ላይ ነቅቷል።»

«ልጅሽም?»

«አራት ዓመቷ ነው። ጥናቱ ውስጥ ስሟ አለ። አባቴ ናቸው በዚህ ሬዲዮ ያሳገዱባት።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «ከፕሮግራሙ በፊት ኮሪደሩ ላይ ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«የጮህኩት እኔ ነኝ። ስንት ወር ተኳርፈን ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ። "ጣቢያው ድረስ ነይ፣ ውጭ ሆነሽ ስሚኝ" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። መጣሁና "አባባ፣ ልጄን በሬዲዮ ሊገድሏት ነው እኔን የጠሩኝ?" አልኳቸው። "ቁጭ በይና ስሚ" አሉኝ። ቁጭ ብዬ ስለ ሳሙና ሰማሁ።»

ከዚህ በኋላ የመጣው የመርማሪዋን ትዕግሥት ክፉኛ ፈተነው። ተመራማሪውን ያገኘችው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት መዳፉን ጆሮው ላይ ደፍኖ ነው።

«ሽማግሌው ሲወድቁ ምን አዩ?»

«ምን?»

«ሲወድቁ! ምን አዩ!»

«የሠለጠነ ዓለም ይህንን ጥያቄ ድሮ መልሶታል» ሲል ዶክተሩ ጮኸ። «አንድ ሕፃን መዳን እየቻለ…»

«ዶክተር፣ የጠየቅኩት ያዩትን ነው እንጂ የሚያስቡትን አይደለም!»

«ይቅርታ፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ያ ድምፅ በማዳመጫው ውስጥ በመርፌ የወጋኝ ነው የመሰለኝ። ወርውሬው ቀና ስል እሳቸው ተደፍተዋል። ደረታቸውን እየተጫንኩ ለመመለስ ሞከርኩ፤ አልሆነም።»

«ሁልጊዜ ማዳመጫ ያደርጋሉ?»

«እኔ አዎ። እሳቸው በጭራሽ። "ፀጉሬን ያበላሽብኛል" ይሉ ነበር። መላጣ ናቸው እኮ!» ዶክተሩ ሊስቅ ቃጥቶት ተወው። «ዛሬ ግን ማስታወቂያ ላይ እያለን፣ ከእኛ ጋር ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው የፕሮግራሙ አዘጋጅ "አንዲት እናት ስልክ ላይ አለች፤ አየር ላይ ሳትወጣ ከጋሼ ጋር ሁለት ቃል ልነጋገር ትላለች" አለ። የስልክ ድምፅ ያለ ማዳመጫ አይሰማም። እናት ስትባል እሺ ብለው አደረጉት። ድምጿ ደግሞ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። አዘጋጁ በእጁ "ከፍ አድርጉት" አለን፤ ሁለታችንም ወንበራችን ፊት ያለውን የድምፅ መዘውር እስከ ጥጉ አዞርነው።»

«ሕመማቸውን ያውቁ ነበር?»

«ምን?»

«ሕመማቸውን!»

«የቤተሰቡን ደም የመረመርኩት እኔ ነኝ። የታካሚ ምስጢር ስለሆነ አየር ላይ አንድም ቀን አላነሳሁባቸውም፤ እሳቸው እየሰደቡኝም ቢሆን።» ቀኝ እጁን ከጆሮው አውርዶ አየና፣ «ዛሬ ሲገቡ እጄን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም» አለ።

የመርማሪዋ ስልክ ተንቀጠቀጠ። አለቃዋ ነው። የት እንደደረሰች ጠየቃት፤ ገና መሆኗን ስትነግረው «ለመሆኑ አንቺ ግን በዚህ ዘረመል በሚሉት ነገር ሐሳብሽ ምንድነው?» አላት። ስልኩን ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የጣቢያው ዜና «የዘረመል ሙግቱ የመጀመሪያ ሰለባ» እያለ ነበር። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እዚህ ግቢ ላሹ በዝቷል። መርማሪዋ ንዴቷን ውጣ ወደ ቴክኒሻኑ ሄደች።

ቴክኒሻኑ ከስቱዲዮው በመስታወት በተለየው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ጎልማሳ ሰው ነው።

«እኔ ላይ ሊያላክኩት ነው» አለ ገና ስትገባ። «"የቴክኒክ ብልሽት" እያሉ ነው። ቴክኒክ ማለት እኔ ነኛ!»

«ድምፁ ምን ነበር?»

«የመፈተሻ ድምፅ ነው። ጠዋት ጠዋት መስመር የምንፈትሽበት፣ ሲጥጥ የሚል። ከዚህም ከስቱዲዮውም ይለቀቃል። እኔ አልለቀቅኩም፤ እዚህ ማስታወቂያውን እያሰለፍኩ ነበር።»

«ከስቱዲዮው ማን ይለቅቀዋል?»

«ጠረጴዛው ላይ ቁልፉ ያለው አዘጋጁ ጋ ነው።» ወዲያው ደነገጠ። «እሱ ለቀቀው ማለቴ አይደለም። ሰው ነው፣ እጅ ያዳልጣል።»

«ስልክ ላይ የነበረችው ሴትዮ ድምፅ ደካማ ነበር አሉ።»

«ማነው ያለው? እኔ ጋ ጥርት ብሎ ነው የገባው! አጠገቤ ያለች ነበር የምትመስለው።»

«እነሱ ጋ ግን አልሰማ ብሏቸዋል።»

«እንግዲህ የስቱዲዮውን ማዳመጫዎች በሙሉ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዋናው መዘውር እዚያው ውስጥ ነው። እኔ ከዚህ ልነካው አልችልም።»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ቀና ብላ አየች። ትልቅ የብረት ደወል ተሰቅሏል።

«ይሄስ?»

«ፕሮግራም ሊጀመር ሲል የሚጮህ ነው። ጋሼ በሚመጡ ቀን ግን አዘጋጁ ያስጠፋኛል። ቀይ መብራቱ ብቻ ይበራል።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። "አትጠይቀኝ፣ አጥፋው" ነው የሚለኝ።»

አዘጋጁን በቢሮው አገኘችው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ቅቤ የጠጣ ሰው ነው። መርማሪዋ ገብታ ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ላይ ሰቀለችና ምንም ሳትናገር ቆመች። አዘጋጁ ለአፍታ እንኳ ጸጥታው እንዲረዝም አልፈቀደም።

«እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» አለ። «አገር አንድ ድምፅ አጣ። ሕዝቡ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ የራሱን ፍርድ እንዲሰጥ…»

«ድምፁ እርስዎንም መታዎት?»

«እንዴት አይመታኝ! ሦስታችንንም ነው እንጂ። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል፤ ሰው ሲያናግረኝ እንኳ በግማሽ ነው የምሰማው።»

«ሽማግሌው የልብ ሕመም እንዳለባቸው ያውቁ ነበር?»

«በፍጹም! እንደ ወይፈን ነበሩ እኮ። ማን ያስባል?»

መርማሪዋ ወደ ጥግ ሄዳ ከጆግ ውሃ ቀዳች። ጀርባዋን ለሰውዬው እንደሰጠች፣ በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ በሹክሹክታ «ካፖርቴን መኪና ውስጥ ረሳሁት መሰለኝ» አለች።

ፖሊሱ «ምን አሉ?» ሲል፣

«ኧረ እዚህ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሰቅለውታል» አለ አዘጋጁ።

«አመሰግናለሁ» አለችና ውሃዋን ጠጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጋዜጠኞቹ እንግባ ብለው ነበር፤ በሩ ተዘጋባቸው። ዶክተሩ በወትሮው ወንበሩ ተቀመጠ፣ ቴክኒሻኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ ልጅየዋ ከአባቷ ባዶ ወንበር ኋላ ቆመች። አዘጋጁ በቦታው፣ በማይክሮፎኑ ፊት ነው።

«እንግዲህ» አለች መርማሪዋ፣ «ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነው የዋልኩት። ማን ምን አደረገ ስል ማን ምን ያስባል ተነገረኝ። የማንንም ሐሳብ ስለማልፈልግ አሁን የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ሰምቼሻለሁ!» አለ ዶክተሩ።

«የመጀመሪያው ነገር፣ ሽማግሌው ማዳመጫ የማያደርጉት ፈርተው ነው። ድንገተኛ ድምፅ ይገድላቸዋል። እና ዛሬ ማን አስደረጋቸው? አዘጋጁ፣ "እናት ስልክ ላይ አለች" ብሎ። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሴትዮዋም የእውነት ነበረች። ቀጥሎ፣ የሴትዮዋ ድምፅ ቴክኒሻኑ ጋ ጥርት ብሎ ሲሰማ እዚህ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። ዝቅ ያደረገው ከቴክኒሻኑ ወዲህ ያለ ሰው ነው ማለት ነው። ዋናው መዘውር የት ነው ወንድሜ?»

ቴክኒሻኑ በጣቱ አሳየ። የአዘጋጁ ቀኝ እጅ ያረፈበት ቦታ ነበር። አዘጋጁ እጁን አነሳ።

«ድምፁ ሲደክም እንግዶቹ የየራሳቸውን መዘውር እስከ ጥጉ አዞሩ። እንዲያዞሩ በእጁ የነገራቸውም እሱ ነው። ከዚያ ዋናውን ወደ ላይ መልሶ የመፈተሻ ድምፁን ለቀቀ። ቴክኒሻኑ ድምፁን ከዚያ ማዶ መልቀቅ ይችል ነበር፤ ማዳመጫውን ማድከም ግን አይችልም። ወጥመዱ ደግሞ የተሠራው በማድከሙ ነው። ሁለቱን ማድረግ የሚችል እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ጣቴ አዳልጦኝ ቢሆንስ?» አለ አዘጋጁ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። «ቁልፎቹ ተቀራራቢ ናቸው። እኔንም እኮ መቶኛል።»

«አልመታዎትም። ዶክተሩን አንድ ነገር ለመጠየቅ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። እርስዎ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ያንሾካሾክኩትን፣ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ያልሰማውን ሰሙ። ድምፁ ሲለቀቅ ማዳመጫው ጆሮዎ ላይ አልነበረም። ጣቱ ሊያዳልጠው መሆኑን አስቀድሞ አውቆ ማዳመጫውን የሚያወልቅ ሰው አላየሁም።»

ቴክኒሻኑ «በስመ አብ» አለ።

«ሕመማቸውን አላውቅም ያሉኝም ውሸት ነው። እሳቸው በሚመጡ ቀን ያንን ደወል ያስጠፉ ነበር። አንድ ጊዜ አምነው ነግረውዎታል፤ ለጥንቃቄ የነገሩዎትን ለመግደያ አደረጉት።»

ልጅየዋ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨበጠች። «ለምን?» አለች። «አንተን የሠሩህ እሳቸው አይደሉም እንዴ? ያለ እሳቸው ማን ይሰማህ ነበር?»

አዘጋጁ ጣራ ጣራውን አየ።

«ለምን የሚለው ላይ ነው የተቸገርኩት» አለች መርማሪዋ፤ ይህንን ስትናገር ንዴቷ ድምፅዋ ውስጥ ይሰማ ነበር። «የሚመስለኝ አለ። ሽማግሌው ዛሬ የተጣሏትን ልጃቸውን ጠርተው ስሚኝ አሉ። የሚሰድቡትን ሰው እጅ ጨብጠው አልለቅ አሉ። አቋማቸውን ሊለውጡ ነበር፤ ይሁን ሊሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። "ሁለት ወገን" ደግሞ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ካለ ምን ይሆናል? ግን ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። ነገ ኮሚቴው ሲቀመጥ የፖሊስ ሐሳብ አይቀበልም። የኮሚቴው መዝገብ የሚያውቀው የእሳቸውን አይሆንም ነው። ይሁን ማለታቸውን የሰማ ሰው ካለ አንድ ነው። እሱ ደግሞ አልሰማሁም ካለ ገዳይነቱ ወደ አደጋ ሊወርድለት ይችላል፤ ጠበቃውም ይህንኑ ይመክረዋል። የልጅ ልጃቸው ግን ሕክምናው ቀረባት ማለት ነው።»

ይህን ብላ ተቀመጠችና ዝም አለች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ግድግዳው ድምፅ የሚውጥ ስፖንጅ የተለበጠ ስለሆነ የዚያ ክፍል ጸጥታ ሌላ ነው፤ የገዛ ትንፋሽ ይከብዳል። ዶክተሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት መርማሪዋ በዓይኗ ከለከለችው። ቴክኒሻኑ ጫማውን ያያል። ልጅየዋ አዘጋጁን ታያለች እንጂ አትለምነውም። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲሁ ተቀምጦ በተገላገለ ነበር። አዘጋጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጸጥታን እንደ እሳት ሲሸሽ የኖረ ሰው ነው፤ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ዝም ማለት ሰውነቱ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። ውሃ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«ለመንኳቸው እኮ» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ስለዚህ ቀጠለ።

«ከመግባታችን በፊት ነው የነገሩኝ። "ልጄ፣ ዛሬ ይሁን ልል ነው" አሉኝ። "በሰው ልጅ ሲሆን አይሆንም ስል ከርሜ በልጅ ልጄ ሲመጣ ይሁን ማለት ያሳፍራል። እያፈርኩም ቢሆን እላለሁ" አሉ። ፕሮግራሙ ወደ ቴሌቪዥን ሊገባ ነው፣ ሁለታችሁ ትከራከራላችሁ ስላልኩ ነው የፈቀዱልኝ፤ ጥቂት ይታገሡ አልኳቸው። ኮሚቴው ነገ ነው አሉ። እሺ፣ ለልጅዎ እቤት ይንገሯት፣ ኮሚቴውንም በግል ያናግሩ፣ እዚህ አየር ላይ አይበሉት አልኳቸው። "በአደባባይ ያልኩትን በጓዳ አልመልሰውም" አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበላቸው? እንዲወድቁ ነው እንጂ እንዲሞቱ አልነበረም…»

እዚህ ላይ የተናገረው ነገር ለራሱ ተሰማውና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ፖሊሱ ቀርቦ ክንዱን ያዘው።

«ነገ ካቴናው እጁ ላይ ሆኖም ቢሆን ኮሚቴው ፊት ይደግመዋል» አለች መርማሪዋ።

«ምን አለ?» ሲል ዶክተሩ ጮኸ። «ምን አለ? አልሰማሁም!»

ልጅየዋ ወደ ዶክተሩ ሄዳ ጆሮው ላይ ጎንበስ አለች። «ይሁን ብለዋል!» አለችው፤ እንደገናም «አባቴ ይሁን ብለዋል!» ብላ ጮኸች። ለቅሶው ያኔ መጣላት። «በጓዳም ቢነግሩኝ ይበቃኝ ነበር እኮ» አለች ለማንም ሳይሆን። «ለእኔ ጓዳ ይበቃኝ ነበር።»

ሲወጡ መርማሪዋ በኋላ በር ልታወጣት አሰበች። ልጅየዋ አሻፈረኝ ብላ በዋናው በር ወጣች። ጋዜጠኛው ከበባት፤ ማይክሮፎን በማይክሮፎን ላይ ተደራረበ።

«አባቴ ሐሳባቸውን ለውጠው ነበር» አለች ፊቷን ሳትጠርግ። «የልጆቹ ሕክምና ይቀጥል ሊሉ ነው ዛሬ የመጡት። እሱን እንዳይሉ ተገደሉ። እሳቸው እዚህ ሊሉት የነበረ ነው፤ እዚህ ብዬላቸዋለሁ።»

ካሜራ የያዘው ሰው ቀና ብሎ ዞር ዞር አለ። «ጥሩ፣ ይህ የደጋፊ ወገን ነው። ለሚዛን ከተቃዋሚ ማንን እናናግር? ተቃዋሚ አለ?»

መርማሪዋ ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር። ልጅየዋ ቀደመቻት።

«ተቃዋሚው አባቴ ነበሩ» አለች፤ ማይክሮፎኖቹን በእጇ ገፋ አድርጋም ልጇ ወዳለችበት ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ጀመረች።